አናቱ የጎደለ ገጽ

ባለፈው ነሐሴ ንፋስ መውጫ ላይ ለወረዳ የትምህርት ባለሙያዎች የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ስልጠና ተሰጥቶ ነበር፤ እኔም ተጠራሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚጠራኝ ሰርግና ተዝካር ብቻ ስለነበር ደብዳቤው ሲደርሰኝ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። «ነባር ባለሙያዎች ልምዳቸውን ያካፍላሉ» ይላል። የተመደበልን ጊዜ ግን ለእያንዳንዳችን ዐሥር ደቂቃ ነው። ዕድሜ ልኬን የሠራሁትን በዐሥር ደቂቃ! ይሁን ብዬ ኮቴን አስተኮስኩና በባጃጅ ሄድኩ። በእግር ሩብ ሰዓት የማይፈጅ መንገድ ነው፤ ጭቃው ነው ባጃጅ ያስያዘኝ። ሹፌሩ ሃምሳ ብር አለኝ። በሃምሳ ብር በወጣትነቴ አንድ ደህና በግ ይገዛ ነበር ስለው፣ «አባባ፣ ያኔማ በጉም ትንሽ ነበር» ብሎ ሳቀብኝ።

አዳራሹ በር ላይ የፎቶ ኮፒ ማሽን ተተክሎ ወረቀት ያወጣል፤ አንዲት የቢሮ ሠራተኛ የወጣውን እየለቀመች በስቴፕለር ታያይዛለች። ትኩስ ወረቀት የራሱ ሽታ አለው፤ የኔ ዘመን ሽታ ግን አይደለም። የኛ ወረቀት የሚሸተው የስቴንስል ቀለም ነበር። ጥቁር ነው፣ ቅባት አለው፣ አንዴ ጣት ከያዘ በሦስት ቀን አይለቅም። በሰም የተነከረውን ስስ ወረቀት በታይፕ ትመታዋለህ፤ ፊደሉ ይበሳዋል፤ ከዚያ ማባዣው ሲሊንደር ላይ ታለብሰውና እጀታውን እያዞርክ አንድ በአንድ ታወጣለህ። ሰሙ ወረቀት ከተጨማደደ ወይ ከተቀደደ ድካምህ ሁሉ መና ነው። ይህን ለሠራተኛዋ ላስረዳት ፈልጌ ነበር፤ እሷ ግን መቶውን ቅጂ ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ አውጥታ ጨርሳ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ወደ ውስጥ ስገባ ከፊት ረድፍ መምህር አለልኝን አየኋቸው። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠዋል። በዚህ አገር ፊቱን ማየት የማልፈልገው አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው፤ በደሉኝ ብዬ አይደለም፣ የበደልኩ እኔ ነኝ። ልነግራቸው የሚገባኝን አንድ ነገር ሳልነግራቸው ጸጉሬ ሸበተ። አንዱን ጥግ መርጬ ከኋላ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ ንፋስ መውጫ እንዲህ ፎቅ የበዛባት ከተማ አልነበረችም። ዋናው መንገድ ላይ ከወረታ ወደ ወልድያ የሚያልፍ አይሱዙ ሲቆም ግማሹ ከተማ ማን ወረደ ብሎ ይወጣ ነበር። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም ነው፤ ስኳሩ እንደ ባለቤቷ ደግነት። ሽሮ በሁለት ብር፣ አልጋ በአራት ብር፤ በአራት ብሩ አልጋ ላይ ብርድ ልብሱ አንድ ስለሆነ ሠልጣኙ ሁሉ ከነኮቱ ነበር የሚተኛው። መንገዱ ጥግ ላይ አንድ የካሴት ሱቅ ነበረ፤ ድምጽ ማጉያውን ደጅ አውጥቶ ቀኑን ሙሉ ያንኑ አንድ ካሴት ይደጋግመዋል። ክሩ ስለተበላ ዘፈኑ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይጎተታል። ዘፋኙ የወዳጁን ስም ሲጠራ አፉ የታሰረ ይመስላል። አሁንም ያን ዘፈን ሬዲዮ ላይ ስሰማ እዚያ ቦታ ላይ ካልተጎተተ የተሳሳተ ይመስለኛል። አሁን እዚያ ጥግ የሞባይል ካርድና የሕንድ ሽቶ ይሸጣሉ።

ሥርዓተ ትምህርቱ ያኔ ነው ከሥሩ የተለወጠ። ዘመኑን አልቆጥርም፤ መንግሥት ተለውጦ፣ መጽሐፉም ሊለወጥ የደረሰበት ዘመን ነበር ማለት ይበቃል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ መምህር አንድ ክፍል ይዞ ሁሉንም ትምህርት ያስተምራል ተባለ። ልጁ የሚመዘነውም በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ብቻ ሳይሆን በየሳምንቱ ሥራው ነው ተባለ። እኔ ይህንን ከተማርኩት ጥቂቶች አንዱ ስለነበርኩ የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን የወረዳ ኃላፊዎች አሠልጥን ተባልኩ፤ እነሱ ደግሞ ሄደው ርዕሰ መምህራኑን ያሠለጥናሉ። ሃያ ገጽ መመሪያ አዘጋጀሁ። ወጣት ነበርኩ፤ በመመሪያው ኮራሁ። ከሁሉም የኮራሁት በገጽ ዐሥራ አንድ ነው።

ገጽ ዐሥራ አንድ መልመጃ ነበር። ሆን ብዬ ስሕተት የሆነ የሳምንት ድልድል ጻፍኩ፦ ሰኞ ቀኑን ሙሉ አማርኛ፣ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ሒሳብ፣ ረቡዕ የአካባቢ ሳይንስ፣ ሐሙስ ሥዕልና ዘፈን፣ ዓርብ ስፖርት። ከላዩ ላይ «ከዚህ በታች ያለው ድልድል ስሕተት አለበት፤ በቡድን ተወያይታችሁ አርሙት» የሚል መስመር አለ። ሠልጣኞቹ ተከራክረው፣ የሰባት ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ብቻ አይማርም፣ በየቀኑ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይማራል እንዲሉ ነበር ሐሳቤ። ሳባዛ ግን የዚያ ገጽ ሰም ወረቀት አናቱ ላይ ተጨማደደ። ጥቂት ቅጂ እንዳወጣ መቀደድ ጀመረ። ሌላ እንዳልመታ ሰም ወረቀቱ አልቋል፤ አናቱን አጥፌ በፕላስተር ለጠፍኩትና ቀጠልኩ። መስመሯ እንደቀረች አውቃለሁ። መልመጃውን ስናሠራ በአፌ እነግራቸዋለሁ ብዬ አለፍኩ።

መምህር አለልኝ ከሦስቱ ወረዳዎች ከአንዱ የመጡ ነበሩ፤ የወረዳውን ስም ልተወው። በዕድሜ ይበልጡኛል። የቅኔ ተማሪ ነበሩ፤ ከዚያ አስኳላ ገብተው መምህር ሆኑ፣ ኋላም የወረዳው የሥርዓተ ትምህርት ኃላፊ። ካኪ ኮት ከላይ ነጠላ ደርበው፣ አረንጓዴ ቦት ጫማ አድርገው ሌሎቹ ለሻይ ሲወጡ እሳቸው መመሪያውን ይዘው ጓሮ ባሕር ዛፎቹ ሥር ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። መመሪያዬን በቃላቸው እየያዙት ነው። ሌሎቹ «የዛሬው ቀለም ስንተኛው ገጽ ደረሰ?» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እኔም አንድ ቀን ጠጋ አልኩና፣

«መምህር፣ ወረቀቱ አለልዎት አይደል? በቃል መያዝ ለምን አስፈለገ?» አልኳቸው።

«ወረቀትማ ይረጥባል፣ አይጥ ይበላዋል» አሉኝ። «ደሞ ዓይኑን ወረቀት ላይ ተክሎ የሚያስተምርን ሰው ማን ያምነዋል? የቅኔ መምህር ወረቀት እያየ ሲዘርፍ አይተህ ታውቃለህ?»

አላውቅም። ሳቅኩና ሄድኩ።

የመጨረሻው ቀን የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ዋለ። መልመጃው የተመደበው ለዚያ ቀን ከሰዓት ነው። ሠልጣኙ ግን ከጠዋት ጀምሮ ልቡ የለም፤ በእግሩ አንድ ቀን ተኩል የሚሄድ አለ፣ ወንዝ ይሞላብኛል የሚል አለ። ሁለት ሳምንት በሽሮ የኖረ ሰው ሁሉ የሚታየው ቤቱ ነው። አንዱ የእስቴ ሰው ተነሥቶ «አቶ ይርጋ፣ ጾሙን ገደል ላይ እንድንፈታው ነው?» ሲል አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። እኔም አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ ቤቴ ናፍቆኛል። «እሺ በቃ፣ የቀረውን አንብቡት» አልኩ። ዶሴያቸውን ብብታቸው ሥር ከተው ሲወጡ ያቺ የቀረች መስመር ትዝም አላለችኝ። መምህር አለልኝ የመጨረሻው ነበሩ። እጄን ጨብጠው «ሁሉንም ይዤዋለሁ፤ አንድ ቃል አትጎድልም» አሉኝ።

ሌሎቹ ወረዳዎች ምን አደረጉ ብትሉኝ፣ ምንም። መመሪያውን መሳቢያ ውስጥ ከተው እንደ ድሮው ቀጠሉ። መምህር አለልኝ ግን ርዕሰ መምህራኑን ሰብስበው፣ ወረቀት ሳይዙ ፊታቸው ቆመው፣ ከገጽ አንድ እስከ ገጽ ሃያ ወረዱት። ገጽ ዐሥራ አንድንም ወረዱት። አናት የሌለው ገጽ ነው፤ እንደ ትእዛዝ ተቀበሉት፣ እንደ ትእዛዝ አስተላለፉት። ርዕሰ መምህራኑ ብልጭ ያለላቸውን ጥያቄ ቢጠይቁም «መመሪያው ይላል» ነው መልሱ። እናም በዚያ ወረዳ ትምህርት ሲከፈት ሰኞ ቀኑን ሙሉ አማርኛ፣ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ሆነ። በዚያ ወረዳ አንዲት ማክሰኞ ገበያዋ የሚውል መንደር አለች። ማክሰኞ ልጅ ሁሉ ከእናት ካባቱ ጋር ገበያ ይወርዳል፤ ክፍሉ ባዶ ነው። ረቡዕ ሲመጣ ሒሳብ የለም። ግማሽ ዓመት ሙሉ የዚያች መንደር የአንደኛ ክፍል ልጅ መደመር ሳያይ አለፈ። አንድ አባት ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ «ማክሰኞ ከኔ ጋር ጨው ሲሸጥ ይውላል፣ ዓርብ እናንተ ዘንድ ሲሮጥ ይውላል፤ ታዲያ ልጄ ቁጥር የሚማረው በሕልሙ ነው?» ብሎ ጮኸ አሉ።

ጩኸቱ ከበላይ ደረሰና ተቆጣጣሪዎች ወረዱ። መምህር አለልኝን አቁመው ይህን ከየት አመጣኸው አሏቸው። «ከመመሪያው» አሉ። የታለ መመሪያው? ቅጂያቸውን ርዕሰ መምህራኑ በእጅ እንዲገለብጡት ሰጥተውታል፤ ያለበት ትምህርት ቤት በእግር የሁለት ቀን መንገድ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ያን ያህል አልጠበቁም፤ እኔ ዘንድ ስልክ ደወሉ። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ጠርቶኝ ሮጬ ሄድኩ፤ በዚያ በሚንጫጫ ቀፎ ውስጥ አንድ ድምጽ «መመሪያችሁ በቀን አንድ ትምህርት ብቻ አስተምሩ ይላል?» አለኝ።

«አይልም» አልኩ።

ወዲያው ግምጃ ቤት ገብቼ የተረፉትን ቅጂዎች አወጣሁ። የመጀመሪያዎቹ ላይ መስመሯ አለች። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ አናታቸው ነጭ ነው። ቁጭ ብዬ አየኋቸው። መልሼ መደወል እችል ነበር፤ ፖስታ ቤቱ ቅርብ ነው። ወረቀቶቹን ከአሮጌ የፈተና ወረቀት ሥር ከተትኳቸውና ወጣሁ። ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። እሳቸው «አዲሱን ሥርዓት ያጣመመ» ተብለው ከኃላፊነት ተነሡ፤ አንደኛ ክፍል እንዲያስተምሩ ገጠር ተላኩ። ምንም ያልሠሩት ኃላፊዎች በዓመቱ መጨረሻ የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸው። የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

ከጥቂት ወር በኋላ ቢሮዬ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ብብታቸው ሥር አንድ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። «ስብሰባ አለብኝ መምህር፣ ሌላ ቀን» ብዬ ሳልጨብጣቸው አለፍኩ። ስብሰባ አልነበረብኝም። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ከሩቅ ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር፤ አንድ ጊዜ እሳቸው በቆሙበት ጥምቀተ ባሕር ዳር ላይ እንዳልታይ ሰው መሃል ጎንበስ ብዬ ቆየሁ።

የባለፈው ነሐሴ ስልጠና መጨረሻ ቀን እንግዲህ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀምጠናል። አሠልጣኟ ትዕግሥት የምትባል ፈጣን ልጅ ናት። ስላይዱን በስልኳ ነው የምትገፋው፤ አነጋገሯ ግማሹ እንግሊዝኛ ቢሆንም የምትለው ይገባል። ለልምድ ማካፈያው መጀመሪያ መምህር አለልኝን ጋበዘች። በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። ማይክራፎኑን አልተቀበሏትም።

«እኔ የማውቀው አንድ መመሪያ ነው» አሉ። «እሱን ልበላችሁ።»

ጀመሩ። «ገጽ አንድ፤ የስልጠናው ዓላማ...» የኔ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፣ በድፍረት የጻፍኳቸው፣ ዛሬ የማፍርባቸው ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች። አንድ ቃል አልጎደለም። ወጣቶቹ ስልካቸውን አንሥተው ይቀርጿቸው ጀመር። እኔ ገጽ እቆጥራለሁ። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር።

«ገጽ ዐሥራ አንድ» አሉና ቆሙ። ወደ ኋላ ዞረው በዓይናቸው ፈለጉኝ፤ አገኙኝ። «ከዚህ በታች ያለው ድልድል ስሕተት አለበት፤ በቡድን ተወያይታችሁ አርሙት።» ከዚያ «ይኸው ነው» ብለው ተቀመጡ።

ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። ለሽማግሌ የማስታወስ ችሎታ ነው ያጨበጨቡት፤ መስመሯን የሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ። ያውቃሉ። እስከ ዛሬ ሲያውቁ ኖረዋል።

ትዕግሥት ሰዓቷን አየች። «የሁለተኛውን እንግዳ ልምድ በአጭሩ ሰምተን እንጨርሳለን። የመጨረሻው መልመጃ ይቀረናል፤ ወደ ወገዳና ወደ አርብ ገበያ ከተማ የሚሄደው መኪና እንዳያመልጣችሁ በቴሌግራም ልኬላችኋለሁ፣ አንብቡት» አለች። ወንበር ተንኳኳ፣ ቦርሳ ተነሣ። እኔ ወደ ፊት ስሄድ ግማሹ ሰው ቆሟል።

ያዘጋጀሁት ንግግር ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። «ይርጋ እባላለሁ» አልኩ። «መምህር አለልኝ የነገሯችሁን መመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያችን የመጨረሻ መስመር ከወረቀቱ ላይ ያስቀረሁትም እኔ ነኝ። መልመጃውን ሳላሠራ 'አንብቡት' ብዬ ሰውን ሁሉ ወደ ቤቱ ሸኘሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው ያነበቡት እኚህ ብቻ ናቸው፤ መስመሯ ስለሌለች ስሕተቱን አስተማሩ። በስልክ ስጠየቅ እንዲህ አይልም አልኩ፤ ስሕተቴን ካየሁ በኋላም ደብቄ ተውኩት። እሳቸው ተቀጡ። የአንዲት መንደር ልጆችም ግማሽ ዓመት ሒሳብ ሳይማሩ ቀሩ። ልምዴ ይኸው ነው።»

ማንም አላጨበጨበም። አንድ ወጣት ሠልጣኝ ከበሩ ተመልሶ ቦርሳውን ወንበር ሥር አስቀመጠ። ሌሎችም ተቀመጡ። ሦስት ሰዎች ወጡ፤ አልፈርድባቸውም፣ የክረምት መንገድ ነው፣ መኪናውም አይጠብቅም። ትዕግሥት ስልኳን አነሣችና «እሺ፣ በቡድን በቡድን ሁኑ» አለች። መልመጃው ግድግዳው ላይ በራ።

መምህር አለልኝ ወደ በረንዳው ወጥተው ነበር፤ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዝናቡ አባርቷል፤ ቆርቆሮው ያንጠባጥባል። ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«መቼ አወቁ?» አልኩ።

«በዚያው ዓመት። እስቴ የሚሠራ ወዳጄ ቅጂ ላይ አየኋት። የኔንና የሱን ይዤ ቢሮህ መጣሁ፤ ስብሰባ አለብኝ አልከኝ።»

«ለበላዮቹ ለምን አላሳዩም?»

«ሄጄ ነበር እኮ፤ ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና አሉኝ። አንድ ወር ተመላለስኩ። እኔ ስመላለስ ልጆቹ ያለ አስተማሪ ቁጭ ብለዋል። የተመደብኩባት ያቺው የማክሰኞ ገበያ መንደር ነበረች፣ ለምኜ ነው እሷን ያስመደብኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰብስቤ የቀረባቸውን ሒሳብ እስከ ሰኔ ጨረስኩላቸው። ከዚያ በኋላ ክርክሩን ተውኩት።» «በጣም ተናድጄብህ ነበር» አሉ። «ዛሬም ጨርሶ አልወጣልኝም።»

«እውነትዎን ነው» አልኩ።

ጋቢያቸው ሥር ገብተው ፌስታል አወጡ፤ ከፌስታሉ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት። ዘረጉት። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፣ እጥፋቱ ላይ ሳስቷል፤ ፊደሉ ግን ጥቁር እንደሆነ አለ። ሰኞ አማርኛ፣ ማክሰኞ ሒሳብ። አናቱ ነጭ ነው።

«በቃሌ ያለውን ያኔውኑ አርሜዋለሁ» አሉኝ። «ወረቀቱ ነው የቀረ። መስመሯን ጻፍባት።»

መነጽሬን አደረግሁ። እስክሪብቶ ከእሳቸው ተቀብዬ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጻፍኩ። መስመሯ ትንሽ ወደ ላይ ወጣች። ተቀብለው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቧትና መልሰው ሰጡኝ።

«ስምህንስ?»

ከሥሯ ስሜን ጻፍኩ። ወረቀቱን ተቀበሉኝና፣ የእስክሪብቶ ቀለም መሆኑን ረስተው እንዲደርቅ እፍ አሉበት።